ከከተማ ተነስቶ ግድቡን ዞሮ መመለስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። የከተማውን የብስክሌት መንገድ ለምደኸዋል፤ 40 ኪሎ ሜትር አያስቸግርህም። አሁን በኮርሳ ብስክሌትህ ከከተማ ወጥተህ፣ የግድቡን ሐይቅ ዞረህ መመለስ አምሮሃል። በድምሩ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል ብለሃል። «እችለዋለሁ ወይ? በየት በኩልስ ልዙር?» ነው ጥያቄው።

መቻሉን ትችላለህ። እኔም ያኔ የፈራሁት ርቀቱን ነበር። ጉድ የሠራችኝ ግን ሌላ ናት፦ የከተማው መንገድ አልቆ የሐይቁ ዳር መንገድ እስኪጀምር ያለችው 9 ኪሎ ሜትር።

ብዙዎቻችን ካርታ ስንከፍት ሁለቱን ቆንጆ ጫፎች እናያለን። እዚህ የብስክሌት መንገድ፣ እዚያ ሐይቅ። መሃሉን አፑ ያገናኘው ብለን እንተወዋለን። አፑም ያገናኘዋል፣ አይሰንፍም። አንዴ ትከሻ (ከመስመሩ ውጭ ያለ የዳር ቦታ) በሌለው አውራ ጎዳና ከከባድ መኪና ጋር ያጋፋሃል፣ አንዴ በቀጭን ጎማ የማይሞከር ጠጠር ውስጥ ይከትሃል። ስለዚህ እቅድህን ከዚያች መሃል ጀምር። ካርታው የመንገዱን ፎቶ የሚያሳይ ከሆነ እያንዳንዷን መታጠፊያ እይ። አስፋልት ነው? ከነጩ መስመር ውጭ ስንት ክንድ ቦታ አለ? ድልድዩ ላይ ትከሻው ይጠብባል? የስትራቫን (ብስክሌተኞች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበት አፕ ነው) የሙቀት ካርታም ተመልከት፣ ብዙ የሚሄዱበትን መንገድ አድምቆ ያሳያል፤ ደማቅ መስመር ካለ ሰው ይነዳበታል ማለት ነው። በምን ዓይነት ጎማ እንደሚነዳ ግን አይነግርህም። እኔ በዚህ ተሸውጄ ብስክሌቴን ተሸክሜ የሄድኩበት ቀን አለ።

ሁለተኛው ትምህርቴ ግድቡ ራሱ ነው። ካርታው ላይ በግድቡ አናት የሚያልፍ መስመር ነበረ፣ እኔም ዙሬን በእሱ ዘጋሁት። ስደርስ የብረት በር፣ ትልቅ ቁልፍ። ብዙ ግድቦች አናታቸው ላይ መንገድ አላቸው፣ ግን ሁሉም ለሕዝብ ክፍት አይደለም፣ ለሠራተኛ ብቻ የሆነ አለ። ያን ቀን 14 ኪሎ ሜትር ጨመርኩ። ውሃዬ አለቀ። ሐይቁ ከፊቴ ተዘርግቷል፣ አንድ ጉንጭ የሚጠጣ የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት በእኔ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር አስቤ እይዛለሁ፤ የምቀዳበትን ቦታም ሳልወጣ አውቃለሁ።

«ሐይቅ ዳር ነው፣ ሜዳ ነው» የሚልህን ሰው ደግሞ አትስማው። የተፈጥሮ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ግድብ ግን ሸለቆ ነው፣ ውሃ የሞላው ሸለቆ። ወደ ዋናው ወንዝ ይገቡ የነበሩ ትናንሽ ሸለቆዎች ሁሉ እንደ ጣት ወደ ውስጥ የገባ ውሃ ሆነዋል። መንገዱ በእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ይወርዳል፣ ጅረቱን ይሻገራል፣ መልሶ ይወጣል። አፑ «600 ሜትር ዳገት» ይልሃል፤ አንድ ትልቅ ተራራ ትፈልጋለህ፣ የለም። ሃያ ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ሜትር ነው። በእያንዳንዷ ላይ ብድግ ብለህ ከረገጥክ አሥረኛዋ ላይ እግርህ ያልቃል። ማርሹን ቀደም ብለህ አቅልል፣ ተቀምጠህ ውጣ።

ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር የሚመጣ መንገድ ካለህ ሌላም ነገር አለ። የወንዝ ዳር መንገድ ዳገቱ አይታወቅህም። ግድቡ ጋ ስትደርስ ግን የግድቡን ቁመት ያህል ባንዴ ትወጣለህ። ስለዚህ የዳገቱን ድምር ትተህ የከፍታውን ስዕል እይ። 60 ሜትር በ1.2 ኪሎ ሜትር ብትወጣ 5 በመቶ ነው፣ ይቻላል። ያው 60 ሜትር በ600 ሜትር ውስጥ ከሆነ 10 በመቶ ነው፤ ያኔ ትንሽዋን ማርሽ ታመሰግናለህ።

አቅጣጫን በተመለከተ እኔ ቋሚ ደንብ አለኝ። መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር ሐይቁን በቀኜ አድርጌ፣ ማለትም በሰዓት ቆጣሪ አዙሪት እዞራለሁ። በግራ በሚነዳበት ደግሞ ተቃራኒውን። ለምን? ውሃው በኩል መንደር የለም፣ ከጎኔ ዘው ብሎ የሚወጣ መኪናም ከሞላ ጎደል የለም። መጋጠሚያዎቹ በአብዛኛው ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ቆም ብዬ ሐይቁን ማየት ብፈልግም መንገድ አላቋርጥም።

ይህን ደንብ የሚያፈርስብኝ ነፋስ ብቻ ነው። ሐይቅ ላይ ዛፍም ቤትም አይከልልህም። በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰዓት የ15 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብህ፣ አየሩ በ40 ነው የሚመታህ። የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሸክሙ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። «ስመለስ ነፋሱ ይክሰኛል» ማለትም አያዋጣም። 20 ኪሎ ሜትር በ20 ሄደህ፣ ሌላውን 20 በ30 ብትመለስ አማካይህ 25 አይሆንም፣ 24 ነው። ስለዚህ ጉልበት እያለህ ነፋሱን አስቀድም። ጠዋት የአየር ትንበያውን ሳላይ አልወጣም፤ ነፋሱ ከበረታ ደንቤን ገልብጬ እዞራለሁ።

ጊዜህን በኪሎ ሜትር አትቁጠር፣ በሰዓት ቁጠር። የእኔ የከተማ ክፍል 19 ኪሎ ሜትር ነው። ጎህ ሲቀድ በ25 ከሄድኩ 46 ደቂቃ ገደማ። ረፋድ ላይ ስመለስ ሕፃን፣ ውሻ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሯጭ ሞልቶበት በ16 ነው የምሄደው፤ 71 ደቂቃ። መንገዱ የእነሱም ነው፣ ደወል መደወልና ዝግ ማለት ነው። እኔማ መጨረሻውን እንደ እግር ማፍታቻ ስለምቆጥረው አሁን አያናድደኝም።

ዕቃ ላይ ብዙ አልልም። ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ የፊትና የኋላ መብራት። ፍሬምህ ከተቀበለ ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አድርግ፣ ለተሰነጣጠቀ አስፋልት ደህና ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለምትነዳ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥህ ነገር ያዝ፤ ሳይርብህ ጀምረው። ካርታውንም ስልክህ ላይ አውርደው፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ዙሩን ማቋረጥ የምትችልባቸውን ሁለት ቦታዎችም ምልክት አድርግባቸው።

አሁን ምን ላድርግ ካልከኝ፦ በሚመጣው ቅዳሜ ሐይቁን እርሳው። የከተማውን መንገድ ከሐይቁ እስከምታገናኘው የዚያች 9 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ድረስ ብቻ ሂድና ተመለስ። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ያደረግኩት ይህንን ነው፣ 56 ኪሎ ሜትር ነድቼ አንድ ጠብታ ሐይቅ ሳላይ ቤቴ ገባሁ። አሰልቺ ነበር። በሦስተኛው ግን አንድም ቦታ ቆሜ ካርታ አላየሁም። ግድቡ አናት ላይ በር አለ ወይስ የለም የሚለውን ግን ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ።