ፊላመንቱን አውጥቶ ቀዝቃዛ ካቶድ ስለማስገባት

ወንድሜ፣ የማይክሮዌቭ ቲዩብ (ማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያመነጭ ወይም የሚያጎላ የቫኩም ቲዩብ) ካቶድ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚያወጣው ክፍል፣ የግድ በፊላመንት (በማሞቂያ ሽቦ) መጋል አለበት ወይ፣ በካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም በጣም ቀጭን በሆኑ የካርቦን ቱቦዎች፣ ብንተካውስ ብለህ ጠይቀሃል። ሳይግልም ኤሌክትሮን ማውጣት ይቻላል። ከባዱ ነገር ካቶዱ ቶሎ እንዳይሞት ማድረጉ ነው።

እኔ ሳተላይት ጣቢያ ውስጥ ትራቬሊንግ ዌቭ ቲዩብ (የማይክሮዌቭ ምልክት የሚያጎላ ቲዩብ) ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ካቶዱ እስኪግል ደቂቃዎች እንጠብቃለን፤ ስርጭት ተቋርጦ ስልክ ሲጮህብህ ያቺ ጊዜ አታልቅም። አንድ ቀን ባልደረባችን ካቶዱ እስኪግል የሚያስጠብቀውን ታይመር አልፎ ከፍተኛ ቮልቴጁን ቀድሞ ለቀቀው። ቲዩቡ ሠራ፣ ግን ከዚያ ወዲህ የሄሊክሱ (የኤሌክትሮኑ ጨረር በመሀሉ የሚያልፍበት ጥምዝ ሽቦ) ከረንት እየጨመረ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ቲዩቡ ተቀየረ። ስለዚህ ቶሎ የሚነሣ ካቶድ መፈለግህ በደንብ ይገባኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ተመራማሪው ካፕ ስፒንት በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ጥቃቅን የሞሊብዲነም ሾጣጣዎች ጫፍ ላይ በሚፈጠረው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ኤሌክትሮን ስቧል። ናኖቲዩቡም በዚሁ መላ ነው የሚሠራው። ጣጣው ግን ቲዩቡ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ጋዝ በኤሌክትሮኑ ጨረር ተመትታ አዮን ትሆናለች፣ አዮኑ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚደበድበው ካቶዱን ነው። ሹል ጫፍ አንዴ ከደነዘ ደነዘ። አንዱ ጫፍ ላይ ብልጭታ ከተነሣም ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል።

የሚግለው ዲስፔንሰር ካቶድ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ለዚህ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ተንግስተን ውስጥ የባሪየም ውህድ ተሞልቷል። ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ባሪየሙ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና አዮን የላጠውን ቦታ መልሶ ይሸፍነዋል። ሳተላይት ላይ ከ10 ዓመት በላይ የሚያገለግሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። ላዩ በኦስሚየም ሲለበጥ ደግሞ ያንኑ ከረንት በዝቅተኛ ሙቀት ይሰጥሃል።

ማግኔትሮን (ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ ሌላ ዓይነት ቲዩብ) ላይ ሌላ ነገር አለ። ከተነሣ በኋላ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች ወደ ካቶዱ ተመልሰው ያሞቁታል፣ ሌሎች ኤሌክትሮኖችንም ይፈነቅላሉ። የራዳር ማግኔትሮን ሥራ ከጀመረ በኋላ የፊላመንቱን ኃይል የሚቀንሱለት ለዚህ ነው።

ራስህ ልትሠራና ቫኩምህን እየከፈትክ ልትዘጋ ካሰብክ ላንታነም ሄክሳቦራይድ የተባለውን የላንታነምና የቦሮን ውህድ ለካቶድነት ሞክር። ቀዝቅዞ ሳለ አየር ቢያገኘው እንደ ባሪየሙ ካቶድ አይመረዝም፣ ማለትም ኤሌክትሮን የማውጣት አቅሙን አያጣም። ሙቀቱ ግን 1500 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሲግል ቦሮኑ የያዘውን ብረት ስለሚበላ በግራፋይት ወይም በሬኒየም ያዘው። ለመሆኑ ፓምፕህ ቫኩሙን እስከ ስንት ያወርደዋል? እሱን ካልነገርከኝ የትኛው እንደሚያዋጣህ መምረጥ አልችልም።