«ራጁ ደህና ነው» ተብለህ ጉልበትህ ለሚከዳህ ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኳስ ስትጫወት ጉልበትህ ተጠማዘዘ፣ «ቋ» ሲል ሰማህ፣ በዚያው ማታ አበጠ። ራጅ ተነሥተህ ስብራት የለም ተባልክ። ሁለት ወር አልፎትም ደረጃ ስትወርድ ይከዳሃል። ወጌሻ ይሻለኛል ወይስ የአጥንት ሐኪም ነው ያልከው። የኔም ልክ እንዲሁ ነበር የጀመረው። እኔ 14 ወር አቃጥያለሁ፤ አንተ እንዳታቃጥል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1ኛ. በራጁ አትጽናና። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጅማቱና ሜኒስከስ የሚሉት፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ነገር፣ እዚያ ላይ አይታዩም። እኔን መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። ሱሪህን ሰብስብ እንኳ አላለኝም። ጉልበቴን በእጁ አልነካም! ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል። በኋላ ያገኘሁት ስፔሻሊስት አልጋው ላይ አስተኝቶ ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ አደረገ፣ በአንድ እጁ ጭኔን ጨብጦ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። አጥንቱ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወደ ፊት ሲመጣ እኔ ራሴ ተሰማኝ። ደህናውን እግሬን እንደዚያው ሲስበው ግን ገትሮ ያዘ። «ኤሲኤል የምንለው የፊተኛው ጅማት ሄዷል፣ ኤምአርአይ ተነሣና እናረጋግጥ» አለኝ (ኤምአርአይ ጅማቱንና ሜኒስከሱንም የሚያሳይ ምርመራ ነው)። ይኼ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያቺን አንድ ደቂቃ የሚሰጠኝ ሰው ለማግኘት ነው 14 ወር የፈጀብኝ።

2ኛ. ወጌሻን አልንቅም፣ በወጌሻ እጅ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ግን የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይቀጠልም። እኔ ሦስት ቀን በቅቤ ታሸሁ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ታኬታዬን አሥሬ ጃንሜዳ ገባሁ። ትልቁ ጥፋቴ ይቺ ናት። ኳስ ተቀብዬ ዞር ስል ጉልበቴ ከሥሬ ሄደ፣ ማንም አልነካኝም። ከዚያ በኋላ እግሬ አልዘረጋ አለ፣ ግማሽ ላይ ተቆለፈ። መጀመሪያ የተበጠሰው ጅማቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ በሁለተኛው ግን ሜኒስከሴ ተቀደደ፣ ሐኪሙም ከፊሉን ቆርጦ ከማውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ጅማት ከሌላ ቦታ ተወስዶ ይተካል፣ ተቆርጦ የወጣ ሜኒስከስ ግን መልሶ አይበቅልም። 30 ዓመት ሳይሞላኝ ያጣሁት ነገር ነው። ስለዚህ እስክትመረመር ድረስ ሜዳ እንዳትረግጥ፣ እባክህ።

3ኛ. «ጎበዝ የአጥንት ሐኪም» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ስብራት ላይ የተካነ አለ፣ አከርካሪ የሚሠራ አለ፣ የሕፃናት አለ። አንተ የምትፈልገው ጉልበትና ትከሻ ላይ ያተኮረ፣ በካሜራ የሚሠራ፣ አርትሮስኮፒ የሚሉትን ነው። ጉልበቱ በትልቁ አይከፈትም፤ በትናንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ ገብቶ ነው የሚሠራው። ታናሽ ወንድሜ ትከሻው ሦስት ጊዜ ወልቆበት፣ በየጊዜው እየመለሱለት፣ መጨረሻ ላይ ያሠረለት ይኸው የኔ ሐኪም ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ ሪፈርህን ይዘህ ሂድ፣ ወረፋውንም ታገሥ። በግል ከሆነ ደግሞ ሳታፍር ጠይቀው፦ ይህን ኦፕራሲዮን በወር ስንት ትሠራለህ? ጅማቱን ከየት ነው የምትወስደው? (የኔ ከጭኔ በስተኋላ ነው የተወሰደው፣ ከጉልበት ሎሚው በታች የሚወስዱም አሉ።) አዲሱን ጅማት አጥንቱ ላይ የሚያስረው ብሎን ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ፈልገህ አምጣ ልባል ነው? የኔው እየሣለ አስረዳኝ። ጥያቄ የሚያስቆጣውን ሐኪም ተወው።

የኤምአርአዩን ነገር ላንሳ። የተነሣሁበት ቦታ አንድ ገጽ ሪፖርት ሰጥተው ሸኙኝ። ሐኪሙ «ሥዕሉን ራሴ ካላየሁ አልቆርጥም» ሲለኝ ተመለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሪፖርቱ በቂ ነው፣ ሥዕሉ ያለበትን ሲዲ አንሰጥም» አለችኝ። በክራንች ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በከፈልኩበት፣ በገዛ ጉልበቴ! ኃላፊ ጥሩልኝ ብዬ በሩ ላይ ስቆም ነው ከመሳቢያ አውጥተው የሰጡኝ። አንተ ገና ስትከፍል ጠይቅ፣ ሲዲውን ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ ይብሳል። ትራስ ከጉልበትህ ሥር ሲያደርጉልህ ደስ ይላል፣ ግን እንዳትቀበል፤ ጉልበትህ እንደታጠፈ ይቀራል። እናቴ ለኔ አዝና በተኛሁበት ታስገባልኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታ አወጣችው፣ ጋቢ ጠቅልላ ተረከዜ ሥር አደረገችና ጉልበቴ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ ክብደት እንዲዘረጋ ተወችው። በቀን ብዙ ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። እንባዬ ይመጣ ነበር። ግን ዛሬ እግሬ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት የተሠራውና ፊዚዮውን በወሩ ያቋረጠው ልጅ ግን እስካሁን ያነክሳል። ከ9 ወር በፊት ኳስ የለም፤ «አልታመምም» ብትልም የለም። እኔ በ11ኛው ወር ነው ጃንሜዳ የተመለስኩት፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አንዴም አልከዳኝም።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክም። መሬት ላይ ተቀምጠህ ሁለቱንም እግሮችህን ዘርጋና እያቸው፤ የታመመው እንደ ደህናው ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል? ካልተዘረጋ፣ የሆነ ነገር ውስጡ ገብቶ ከያዘው፣ የወር ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ታይ። ሞክረውና እዚሁ ሥር ጻፍልኝ።