የሕግ ምክር፦ ሐይቁ ዳር ያገኘሁት ቀለበት፣ መስቀልና ጠገራ ብር

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በላከችልኝ ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረታ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ) ቀለበት፣ የአንገት መስቀል ወይም የእናት ማስታወሻ ጉትቻ የጠፋበትን ሰው እረዳለሁ። አንድ ሰው መስከረም ላይ ጣና ዳር የጋብቻ ቀለበቱ ወደቀበትና ቴሌግራም ላይ «ላገኘልኝ 5,000 ብር ወሮታ እከፍላለሁ» ብሎ ለጠፈ። ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲሸሽ ከአንድ ሆቴል ግቢ በታች ካለው ጭቃ ውስጥ አወጣሁለት። ቀለበቱን ከተቀበለ በኋላ «ከአንተ ጋር የተዋዋልነው ነገር የለም» ብሎ 500 ብር ሰጠኝ። የሆቴሉ ጥበቃ ደግሞ «በእኛ ግቢ የተገኘ የእኛ ነው» ይላል። በዚያው ዕለት አንድ ጠገራ ብርና የማን እንደሆነ ያላወቅሁት ትንሽ የሕፃን የብር መስቀል አግኝቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከገንዘቡ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ሕጉ በግልጽ ወደ እርስዎ ያደላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1689 የጠፋ ዕቃ ላገኘ ሰው ወሮታ እሰጣለሁ ብሎ በይፋ ያስታወቀ ሰው ዕቃው ሲመጣለት በቃሉ እንዲታሰር ያደርጋል። ዕቃውን ያመጣው ሰው ማስታወቂያውን ባያየው እንኳ ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ «አልተዋዋልንም» የሚለው ክርክር ውሃ አይቋጥርም። ሰውየው የለጠፈውን ሳያጠፋው አሁኑኑ ስክሪንሾት ያንሱት፤ ቀኑና የላኪው ስም ይታይ። ቀለበቱን ሲያስረክቡ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለም ስሙን ይያዙ። እንዲያም ሆኖ ለ4,500 ብር ብሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ አንቀጹን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባበት። ክስ የመጨረሻው በር ይሁን።

ወደፊት ግን «ካልከፈልክ ቀለበቱን አልሰጥም» እንዳይሉ። ዕቃውን በራስ ሥልጣን መያዝ የክፍያ ጥያቄዎን ወደ ወንጀል ክስ ሊያዞርብዎት ይችላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 ስለ እምነት ማጉደል የሚናገረውን ማንም ከሳሽ በቀላሉ ይመዝዘዋል።

የጥበቃው አባባል ልክ አይደለም። ሰው ዕቃው ስለጠፋበት ባለቤትነቱ አይጠፋም፤ መስከረም ላይ የወደቀ ቀለበት ሚያዝያም የዚያው ሰው ነው። የመሬቱ ወይም የግቢው ባለይዞታ የሚነሣበት የሕጉ ክፍል በአንቀጽ 1159 ያለው ነው፤ እሱም ከ50 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ተቀብሮ ወይም ተደብቆ ስለኖረና ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ስለጠፋበት ዕቃ ነው። ሆቴሉ ያለው መብት «አትግባ፣ አትቆፍር» ማለት ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ መብት አይደለም፤ ሳያስፈቅዱ ገብተው ከሆነ ጥበቃው የተቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጣና ላይ ይህ ነገር በየዓመቱ ይደጋገማል። ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ሞልቶ የነበረው ሐይቅ በበጋው እየሸሸ ሲሄድ፣ መስከረም ላይ እስከ ጉልበት ውሃ የነበረበት ቦታ ጥር ላይ የአንድ ገበሬ ሽምብራ ይሆናል። የተገለጠው መሬት ባለቤት የለሽ አይምሰልዎት። መሣሪያው ጮኸ ብለው ቡቃያውን ቢነቅሉ ካሣ ይከፍላሉ፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ለጠርሙስ ቆርኪ ነው።

የሕፃኑ መስቀል ባለቤት አለው፤ ያላወቁት እርስዎ ነዎት። ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና በጥንቃቄ እንዲጠብቅ ያስገድዳሉ፤ በአንጻሩ ያወጣውን ወጪና እንደ ሁኔታው ወሮታ የመጠየቅ መብት ይሰጡታል። በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ያስመዝግቡ፤ ያስረከቡበት ወረቀት ሳይዙ አይውጡ። ማስታወቂያ ሲያወጡ «የሕፃን የብር መስቀል» ማለት ይበቃል። ጀርባው ላይ የተቀረጸ ፊደል፣ የታጠፈ ጫፍ ወይም የክሩ ቀለም ካለ ለራስዎ ያስቀሩትና የእኔ ነው ብሎ የመጣው ሰው ይንገርዎት። ዝም ብሎ ኪስ ማስገባት ግን የወንጀል ሕጉን ይጠራል።

ጠገራው ሌላ መዝገብ ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ስላነበቡ እድሜውን ያወቁ ሊመስልዎት ይችላል፤ ማርትሬዛ የሚባለው ይህ ገንዘብ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ዋጋውንና ቅርስነቱን የሚለየው ባለሙያ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳንቲሞችን ከተንቀሳቃሽ ቅርሶች ይቆጥራል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። አይወልውሉት፣ ለስጦታ ዕቃ ሱቅም አይሽጡት።

«በአጋጣሚ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። የሰው ቀለበት ሲፈልጉ ጠገራ ቢወጣ አጋጣሚ ነው። ጠገራ አለ ተብሎ ገዳማት ባሉባቸው በዘጌ ወይም በጣና ደሴቶች ላይ፣ አለዚያም የስፔናዊው ሚስዮናዊ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ የሚባለው አሮጌ ሕንፃ ባለበት በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ መሣሪያ ይዞ መዞር ግን ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ነው፤ አባቶች በቃል ቢፈቅዱልዎት እንኳ የመንግሥቱን ፈቃድ አይተካም። ወርቅ ልፈልግበት ካሉም የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ይመጣል፤ እሱም ፈቃድ ይጠይቃል።

ለሚቀጥለው ሥራዎ ግማሽ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ለማስረጃ ግን ይጠቅማል። የሚፈለገው ዕቃ መልክ፣ የቦታው ባለይዞታ መፍቀዱ፣ ቢገኝ ስንት፣ ባይገኝ ለድካምና ለመጓጓዣ ስንት፣ ከተጠየቀው ውጭ የሚገኝ ነገር የት እንደሚሄድ ይጻፍበት። ፍለጋውን ያዘዘው ሰው የዕቃው ባለቤት መሆኑንም ያረጋግጥ፤ የተፋታ ባል የቀድሞ ሚስቱን ሐብል «ፈልግልኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ለአሁኑ ጠገራውን እንዳለ፣ የወጣበትን ቦታ ፎቶና ቀኑን ከጻፉበት ወረቀት ጋር፣ በዚህ ሳምንት ወደ ክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይውሰዱ፤ የርክክብ ደብዳቤውንም ከፖሊሱ ወረቀት ጋር አብረው ያስቀምጡት።