«ላርጅ» ማለት ትልቅ ብቻ ነው? የእሁድ ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ኮዬ ፈጬ፣ የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። የዛሬውን ቃል ያመጣው አስፋልቱ ዳር ያለ ቡቲክ የለጠፈው «ላርጅ ሴል» የሚል ወረቀት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ እኔ ላርጅ ቁጥር ብቻ የቀነሰ መስሎኝ አለፍኩ። የምለብሰው ሚዲየም ነዋ! ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

ጋሼ፦ አልተሳሳትሽም፣ እንደዚያም ይነበባል። ለቅናሽ የሚባለው «ቢግ ሴል» ነው። ላርጅ መጠንና ብዛት ላይ ይቀናዋል፦ «ላርጅ ነምበር»፣ «ላርጅ ፋሚሊ»። ዕድሜ ሲሆን ግን ቢግ ነው። «ማይ ላርጅ ብራዘር» ካልሽ ታላቅ ወንድምሽን ወፍራም ብለሽ ሰደብሽው። ቃል በቃል አትተርጉሙ!

ሳሚ፦ ጋሼ ስለ ላርጅ ያብራሩልን።

ጋሼ፦ ምኑን? ጥያቄ ጠይቅ።

ምድር ቤት፦ ዜና ላይ አንዱን ነፍሰ ገዳይ «ስቲል አት ላርጅ» አሉት። ግዙፍ ነው ማለት ነው?

ጋሼ፦ አልተያዘም ማለት ነው። «አምባሳደር አት ላርጅ» ደግሞ በአንድ አገር ያልተወሰነ አምባሳደር ነው። ቃል በቃል አትተርጉሙ ብያለሁ።

ቢኒ፦ ሰፈር ውስጥ ቸር ሰው «ላርጅ ነው» እንላለን። የአራዳ ፈጠራ ነው?

ጋሼ፦ እሰይ! ይሄን ስጠብቅ ነበር። ቃሉ ከላቲኑ «ላርጉስ» ነው የመጣው፣ የተትረፈረፈ፣ ለጋስ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ትርጉም ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች ላርጅ ሰው ሲሉ እጁ የተፈታ ሰው ማለታቸው ነበር፣ የዛሬው የመጠን ትርጉም እየቆየ ነው የገነነው። አሮጌው ትርጉም «ላርጀስ» በሚለው ቃል ውስጥ እስካሁን አለ፣ ችሮታ ማለት ነው። ስለዚህ ትናንት የአራታችንን ማኪያቶ የከፈለውን ልጅ ላርጅ ስትሉት የድሮ እንግሊዞች በደንብ ይገባቸው ነበር። ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፉት።

ሦስተኛ ፎቅ፦ በኛ ሆደ ሰፊ ማለት ነዋ።

ቢኒ፦ ኧረ! ሆደ ሰፊ ታጋሽ ነው፣ ኪሱ ባዶ ቢሆንም።

ምድር ቤት፦ ሆደ ሰፊስ እኛ፣ ውሃ በሳምንት አንዴ እየጠበቅን። ዛሬ ተራው የማን ነው?

ሳሚ፦ የኛ ብሎክ ነው አሉ። ሮቶው ግን ባዶ ነው።

ጋሼ፦ ወደ ጥያቄው!

ቢኒ፦ እሺ፣ «ባይ ኤንድ ላርጅ»ስ?

ጋሼ፦ በጥቅሉ ማለት ነው። የመርከበኞች ቃል ነበር። በሸራ ሲጓዙ ወደ ነፋሱ ተጠግቶ መሄድ «ባይ» ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋ ደግሞ «ላርጅ»። በሁለቱም የሚሄድ መርከብ በማንኛውም ነፋስ ይሄዳል። ባሕር የሌለን ሰዎች ቃል በቃል ብንተረጉመው ምን ይወጣል?

ሳሚ፦ ታላቅ ወንድሜን ላርጅ ብራዘር ማለት ይቻላል?

ጋሼ፦ ሳሚ፣ ከላይ አንብብ።

ሳሚ፦ እሺ ቲሸርትስ፣ ላርጅ ይበቃኛል ኤክስ ኤል?

ጋሼ፦ ቡቲኩን ጠይቅ። ቧንቧው ተንፏፏ፣ ባልዲ ልደቅን።