የዱቤ መዝገባችንን ወደ ክላውድ እናዛውረው?

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ። የሽያጭና የዱቤ መዝገባችን ያለበት ኮምፒውተር መብራት ሲቆራረጥ ተበላሸብን፤ ልጄ «ክላውድ ላይ እናድርገው» ይለኛል። ያዋጣል?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተም፤ ክላውድ ማለት መረጃን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መዝገቡ የሚቀመጠው በዚያ አገልግሎት ሰጪ ማሽን ላይ ስለሆነ የእርስዎ ኮምፒውተር ቢቃጠል እንኳ ከስልክዎ ይከፍቱታል። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባንኮኒው ፊት የቆመው ደንበኛ ስለማይጠብቅዎት፣ ያለ ኔትወርክም መመዝገብ የሚችል ፕሮግራም ይምረጡ። የውጭ ድርጅቶች ክፍያ በአብዛኛው በዶላር ነው፤ ይህን ሻጮች መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሡት። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በፍላሽ ይያዙ። መዝገቡ የባለዱቤዎችን ስምና ስልክ ስለሚይዝ፣ ከመፈረምዎ በፊት መረጃው የት አገር እንደሚቀመጥ ይጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እርስዎንም ይመለከታል።