«ደግ ነበሩ» ብዬ የጻፍኩ ሌሊት

ልጆቼ የምላችሁ ወጣት አንባቢዎቼ፣

እናቴ ያረፈች ሌሊት፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። የተማርኩት እኔ ነኛ! ከ30 ዓመት በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ፤ ሪፖርት መጻፍ እንጀራዬ ነበር። ያን ሌሊት ግን ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላልኝ አለ። መንዝ ተወለዱ። በሥርዓት ተድረው ሰባት ልጆች አፈሩ። የተራበ አብልተው የታረዘ አልብሰው፣ እንግዳ ተቀባይና ደግ ነበሩ። በቃ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተነበበ፤ ሰው አለቀሰ። እኔ በሆዴ አፈርኩ። ይህን የመሰለ ሪፖርት ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ «ማስረጃው የታለ?» ብዬ ነበር የምመልስለት። ማንን አበሉ? ምን ዓይነት እህል? ከየት አምጥተው? ያው ጽሑፍ ስሙ ብቻ እየተለወጠ ለየትኛዋም የሸዋ እናት ሊነበብ ይችላል፤ ደግሞም ይነበባል። የአባቴን ስጽፍ እንዲህ አልተቸገርኩም ነበር። የእሱ ሥራ አደባባይ የዋለ ነው፦ የእድር ዳኝነቱ፣ የድንበር ክርክሩ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ ስም ነበራቸው። የእሷ ሥራ ግን ሲመሽ ይበላና ያልቃል፤ ነገ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ከዚያ ወዲህ የለቃቀምኩትን ልንገራችሁ። አብዛኛውን የነገረችኝ ከመንደር ወጥታ የማታውቀው ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት።

ቤታችን መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ጓሳ ስትወጡ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ስለሆነ እዚያ ጤፍ አይታሰብም። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፤ ሌላ የለም። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፤ እንጨት የለም፤ የሚነደው ኩበት ነው፤ የሚለበሰው ደግሞ የበግ ጠጉር። እማዬ ጠጉሩን አጥባ፣ አስጥታ፣ ነድፋ ትፈትላለች። እንዝርቷ ከእጇ አይለይም። ገበያ ስትወርድ እየፈተለች ነው፤ ማታ ኩራዙ ላምባ እስኪጨርስ ትፈትላለች፤ ከዚያም ሰው ሲተኛ በጨለማ ትፈትላለች፤ ጣቷ ያውቀዋል። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጥና ዝተት ሆኖ ይመለሳል። ዝተት የማታውቁ ካላችሁ፣ ከባድ የሱፍ ልብስ ነው፤ የመንዝ ብርድ ያለ እሱ አይታለፍም።

ዘጠነኛ ክፍል ልማር ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ስገባ አንድ አዲስ ዝተትና አንድ ስልቻ በሶ አሸክማ ላከችኝ። ከተማው ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ልጆች የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነበራቸው፤ የእኔ በግ በግ ይሸታል። ዓመት ሳይሞላው ሸጥኩት። ሰኔ ላይ እስከ ጣርማ በር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍሬ አገር ቤት ስገባ የት እንዳደረስኩት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ስንት አወጣ?» አለች። ዋጋውን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ «ተሞኝተሃል» አለችና ወደ ምጣዷ ዞረች። እኔም ነገሩ በዚህ ተዘጋ ብዬ 40 ዓመት ኖርኩ። ለካ ያን ዝተት ከመስከረም እስከ ፋሲካ ነው የፈተለችው። ከበጎቻችን የተሸለተው ስላልበቃ የጎረቤት ጠጉር በእኩል ፈትላ፣ ግማሹን ለባለቤቱ ሰጥታ፣ ግማሹን ለእኔ። ይህን የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። «ለምን አልነገረችኝም?» ብላት እትዬ ሳቀችብኝ፦ «መች ጠየቅሃትና?»

ስለ ደግነቷም እንዲሁ። ልቧ ስስ ስለሆነ ዝም ብላ የምትሰጥ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ይዤ እረፍት ስመጣ «ይበሉሻል እኮ» እያልኩ እመክራት ነበር፤ ሂሳብ አዋቂ ነኛ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ ጎታ ሲራቆት ጎረቤት ገብስ ሊበደር ይመጣል። እማዬ ስትሰጥ ቁናውን እስኪፈስ ከምራ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሲመልሱላት ግን በክንዷ ጠረግ አድርጋ ልኩን ብቻ ትቀበላለች። በየቁናው የሚፈሰው ከአንድ እፍኝ አያንስም፤ ዳውላ 20 ቁና ነው፤ ማባዛቱን ለእናንተ ልተወው። እትዬ አንድ ቀን ለምን ትከስሪያለሽ ብትላት «የነሐሴ እህልና የታኅሣሥ እህል እኩል ነው እንዴ?» አለቻት። አራጣ አበዳሪም ይህንኑ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው አንዱን ሰጥቶ ሁለት የሚቀበለው። እሷ ያንኑ ስሌት ይዛ ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የሄደችው። እኔ ተምሬ ያገኘሁትን እሷ ከጎታው ሥር አግኝታዋለች።

በ1976 የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ። በ1977 ረሃቡ ሲጠና እኔ አዲስ አበባ የ500 ብር ደመወዝተኛ ነበርኩ። ትብላበት ብዬ 60 ብር ላክሁላት። እሷ ግን ገብስ ገዝታ ጎታው ግርጌ ቀብራ፣ ራሷ የጎመን ቅቅል እየበላች ከረመች። ስሰማ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ያ ገብስ ዘር ነበር። ዝናቡ ሲመለስ የእኛ ማሳ ተዘራ፤ ከእኛ ሌላ ደግሞ ዘራቸውን በልተው የጨረሱ አራት ቤቶች ዘሩ።

እንግዲህ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካለች ሂዱና ጠይቋት። «ታሪክሽን ንገሪኝ» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ትላችኋለች፤ እውነቷን ነው የምትለው። ስለ ዕቃ ጠይቁ። ይህን ጋን ማን ሠራው? በስንት ተገዛ? የመጀመሪያውን ልጅ ስትወልጂ ውኃ ማን ይቀዳልሽ ነበር? እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጠይቁ፤ እናንተም ባቄላውን እየፈለፈላችሁ። በስልካችሁ ድምፅዋን ብትቀዱ ጥሩ ነው፤ ግን አስፈቅዳችሁ። ዓመተ ምሕረት ብትስት አታርሟት። «ትልቁ ውርጭ የወረደ ጊዜ» ካለች እንደዚያው ጻፉት፤ ዓመቱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የልጅ ልጆች በዚህ ከእኛ ይሻላሉ። ሴት ልጄ አምስት ዓመት እስኪሞላት እዚያው መንዝ ከአያቷ ጋር አንድ መደብ ላይ እየተኛች ነው ያደገች፤ እኔ ያላየሁትን አይታለች። ከበሩ ጀርባ አንዲት ማሰሮ ነበረች አለችኝ። እማማ እህል ወደ ወፍጮ ቤት በላከች ቁጥር አንድ እፍኝ ከላዩ አንስታ እዚያ ትጨምራለች። ስትሞላ ማታ ማታ በነጠላዋ ሸፍና ይዛት ትወጣለች፤ ባዶዋን ይዛ ትመለሳለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ደብተሬን ይዤ ወደ እትዬ ሄድኩ። ማሰሮዋን ታውቃት እንደሆነ ጠየቅኳት። ታውቃታለች፤ እማዬ ያረጀች ጊዜ እትዬ ነበረች እየያዘች የምትወጣው። ለማን ለማን እንደነበር ስማቸውን ንገሪኝ አልኳት።

«ለኦዲተር አይነገርም» አለችኝ።