መለኪያውን ከመፍታትህ በፊት ቱቦውን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ግላይደርህ (ሞተር አልባው አውሮፕላንህ) ብርዱን ወራት ተጎታች ውስጥ ከርሞ ወጣ። አሁን የፍጥነት መለኪያው ይዘላል። ከፍታ መለኪያው፣ አልቲሜትሩም፣ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። የመውጣትና የመውረድ ፍጥነትህን የሚያሳየው ቫሪዮሜትር ደግሞ መሪውን ሳብ ባደረግክ ቁጥር «እየወጣህ ነው» ይልሃል። ሦስቱንም አውልቄ ለጥገና ልላክ ወይ ነው ያልከው።

ቆይ፣ ገንዘብህን አትበትን። ሦስት መሣሪያ ተመካክሮ በአንድ ጊዜ አይበላሽም። በክለባችን ወርክሾፕ ካየሁት፣ እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቱቦው ነው።

መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሽ እይ። የፍጥነት መለኪያው የፒቶን ግፊት (ከፊት የሚመጣው አየር ቀዳዳዋ ላይ የሚፈጥረውን) ከስታቲክ ግፊት (በዙሪያህ ካለው አየር ግፊት) ጋር ያነጻጽራል። አልቲሜትሩ የሚያነበው ስታቲክን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ብቻውን ከዋሸ ፒቶውን ጠርጥር። ሁለቱ አብረው ከዋሹ ስታቲኩን። ቫሪዮሜትሩ ካበደ ጭራው ላይ የምትሰካውን የቶታል ኢነርጂ ዘንግ (ፍጥነት ወደ ከፍታ ሲለወጥ ቫሪዮሜትሩ እንዳይታለል የምታደርገውን)፣ ቱቦዋን፣ ወይም ፔርሙዝ የምትመስለውን ጠርሙስ። ያንተ ሁለት የተለያየ ችግር ይመስለኛል፤ አንዱ ስታቲክ ላይ፣ ሌላው ጭራ ላይ።

አየር ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። በቂ ከፍታ ይዘህ፣ ጸጥ ባለ አየር፣ የጎን መስኮቷን ክፈትና ዝጋ። ፍጥነቱና አልቲሜትሩ አብረው ከተነቃነቁ እጅ ከፍንጅ ያዝከው፤ የስታቲኩ ቱቦ ኮክፒት ውስጥ ተላቋል ወይም ተሰንጥቋል። ለቫሪዮሜትሩ ደግሞ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያዝና በዝግታ እስከ 100 ሳብ። ፍጥነቱ ወደ ከፍታ ተለውጦ 60 ሜትር ገደማ ትወጣለህ። ጤነኛ ቶታል ኢነርጂ ይህን እንደ ሽቅብ ነፋስ አይቆጥረውም። ከቆጠረው አየር ያፈሳል። ዘንጓ ለተጎታች ስትነቀል ስትሰካ በደንብ ሳትገባ መቅረቷ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው።

ዋናው ሥራ ግን መሬት ላይ ነው። ስሪንጅ፣ ለስላሳ የላስቲክ ቱቦና ትዕግሥት ይበቃሃል። ስሪንጁን ከፒቶው ቀዳዳ ጋር አገናኝና በጣም ቀስ ብለህ ግፋ። ጠቋሚው 100 ሲደርስ አቁም። መለኪያው ራሱ ልክ መሆኑን ማወቅ ከፈለግክ በቲ (ባለ ሦስት አፍ) ማገናኛ አድርገህ ውሃ ያለበት የዩ ቅርጽ ቱቦ ጨምር። የሁለቱ ጎን የውሃ ከፍታ ልዩነት በ100 ላይ 48 ሚሊ ሜትር፣ በ200 ላይ 193 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ከዚያ ጠቋሚውን ዝም ብለህ እይ። ከወረደ ቱቦውን መለኪያው ሥር በጣትህ ቆንጥጥ። ጠቋሚው ቀጥ ካለ መለኪያህ ደህና ነው፤ ቀዳዳው ከጣትህ ወዲያ፣ በአፍንጫው በኩል ነው። እንደገና ሞልተህ ትንሽ ወደ አፍንጫው ራቅ ብለህ ቆንጥጥ። ቆንጥጠህም ጠቋሚው መውረድ ከጀመረ ቀዳዳውን አልፈኸዋል። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ማገናኛው አፍ ላይ የደረቀችና የሰፋች የቱቦ ጫፍ ነው። ጫፏን ቆርጠህ መልሰህ አስገባት። ቱቦው በሙሉ ደርቆ ከሆነ ግን ቀይረው፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ጠቋሚው መዝለሉ ደግሞ ውሃ ያሸታል። ቱቦዎቹን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ንቀል፣ ከፓነሉ ወደ ውጭ ንፋ። ከመንቀልህ በፊት እያንዳንዱ ላይ ምልክት አድርግ። መሣሪያ እንደተገናኘ በአፍህ እንዳትነፋ! ያኔ እውነትም ለጥገና ትልከዋለህ። ፒቶው ውስጥ የተርብ ጭቃ ካለም አብሮ ይታይሃል።

ስታቲኩን ስትፈትሽ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ትሸፍናለህ። ቀይ ይሁን፣ ጫፉም ረዝሞ ይንጠልጠል። በ1996 እ.ኤ.አ. ከሊማ የተነሳው የኤሮፔሩ በረራ 603 ሲታጠብ ስታቲኩ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳ በረረ። ባሕር ውስጥ ወድቆ 70 ሰው አለቀ። በግላይደርም ያው ነው። ስታቲኩ ከፍታ ላይ ከተደፈነ፣ ስትወርድ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው በላይ ያሳይሃል። አንተም አምነኸው ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ለማረፍ ስትል ክንፉ ይከዳሃል። እንዲህ ከሆነብህ ቁጥሩን ተወው፤ የአፍንጫውን አቀማመጥ ከአድማሱ ጋር ያዝ፣ የነፋሱን ድምፅ ስማ።

ሥራውን የክለባችሁ ፈቃድ ያለው ኢንስፔክተር አይቶ ይፈርምበት። እስከዚያው ከፓነሉ ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክ፤ የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ አብረን እናያለን።